«አንደበትህን ግታ» ሌላ፣ «አፍህን ዝጋ» ሌላ!

አንደበትን መግታት የክርስቲያን ወግ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ክርክሩ ልጓሙን ማን ይያዘው ነው! ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ 3ኛ ምዕራፍ ላይ ምላስን ጫካ ከምታቃጥል ትንሽ እሳት ጋር ሲያመሳስላት፣ ምእመኑ ራሱን በራሱ እንዲገዛ እየመከረ ነበር። ዳዊትም ቢሆን ለአፉ ጠባቂ እንዲያኖርለት የለመነው ፈጣሪውን ነው፤ የቀበሌ ሊቀመንበር አልለመነም። በእኛ አገር ግን ሁለቱ ነገር ተምታቶ፣ ባለሥልጣኑ በየስብሰባው ሰባኪ እየሆነ «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይለናል። ሰባኪው ደግሞ በበኩሉ አፉን ፈትቶ ለቆታል።

እስቲ ከሰፈሬ ልጀምር። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። የአዳማው የክፍያ መንገድ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ከመሀል ከተማ በመልሶ ማልማት ተነስቶ የመጣው፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው፣ እርሻው ለግንባታ የተወሰደበት ገበሬ፣ ከክፍለ ሀገር እንጀራ ፍለጋ የገባው፣ ሁሉም በአንድ ሚኒባስ ተጨናንቆ ይሄዳል። እዚያ ውስጥ አንዲት የብሔር ስድብ ምን ልታመጣ እንደምትችል ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. በአጠገባችን ያለው የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ኦሮሚያ ውስጥ ተቃውሞ ተቀሰቀሰ። ጥያቄው የመሬትና የወሰን ነበር፤ መልስም የሚገባው ጥያቄ ነበር። ያን ሰሞን ግን በየታክሲው የሚሰማው የካሳና የወሰን ነገር መሆኑ ቀርቶ «እነሱ» እና «እኛ» ሆነ። ያውም ዐቢይ ጾም በገባ በ3ኛው ቀን! ማተብ ያሰረ ሰው፣ ቅዳሴ አስቀድሶ የወጣ ሰው፣ ጎረቤቱን በዘሩ እየጠራ ሲሰድብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዕለቱን ሥጋ ቢቀርብለት ይደነግጥ ነበር እኮ! ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው አንደበትም እንደሚጾም ማስተማሩን የምንሰማው ለዜማው ብቻ ነው መሰለኝ።

ታዲያ መግታት ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ አይተነዋል። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. 3 ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ። ሲኖዶሱ ጥር 18 አወገዛቸው። ጥር 27 ሻሸመኔ ላይ ምእመናን ተገደሉ። እንዲህ ያለ ሐዘን ላይ የተቀመጠ ሕዝብ ምን ሊናገር፣ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት። ሲኖዶሱ ግን በነነዌ ጾም 3ቱን ቀን ጥቁር ልበሱ፣ ጸልዩ አለ፤ ተለበሰ፣ ተጸለየ። ለየካቲት 5 የጠራውን ሰልፍ በዋዜማው አቆየሁት ሲል ምእመኑ ሳይወጣ ቀረ። ወዲያው በየካቲት 8 መግባባት ላይ ተደረሰ ተባለ። ጥቁር ለብሶ ዝም ያለ ሰው ምን ያህል እንደሚናገር ያኔ ገባኝ። ያ ዝምታ የፍርሃት አልነበረም።

መንግሥትስ ምን አደረገ? የካቲት 2 ፌስቡክን፣ ቴሌግራምንና ቲክቶክን ገደበ፤ ለ5 ወር ገደማም እንደዚያው ቆየ። የሲኖዶሱን ልጓም ወዶ የተቀበለ ሕዝብ የመንግሥቱን በቪፒኤን ዘለለው!

የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል ሕግ የለም እንዳይባል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ እስከ 2 ዓመት ያሳስራል ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ያስቀጣል። ይኸው አዋጅ የሃይማኖታዊ አስተምህሮ አካል የሆነን ንግግር ከክልከላው ውጭ አድርጎታል። ደግ አደረገ፤ ፖሊስ ስብከት ይመርምር የምል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ይህ ማለት የሰባኪው አንደበት ዘበኛ የገዛ ሃይማኖቱ ብቻ ነው ማለት ነው። ዛሬ በየዩቲዩቡ «መምህር»፣ «ነቢይ» የሚል ማዕረግ ለጥፎ፣ አንዱ ሌላውን መናፍቅ፣ ሌላው አንዱን ጣዖት አምላኪ እያለ የሚውለውን ሰው ተመልካቹ ሲበዛለት ያየ፣ ይህ ዘበኛ እንቅልፍ እንደወሰደው አይስተውም። የስድቡ ደንበኞች ደግሞ እኛው ነን።

ስድብ ድፍረት አይደለም! ድፍረት ሌላ ነው። ቂሊንጦ ከቱሉ ዲምቱ ሩቅ አይደለም፤ ቃሊቲም እዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ ከ2004 እስከ 2010 ዓ.ም. ታስሮ የቆየው፣ በ2006 ዓ.ም. የተያዙት የዞን 9 ጦማርያን በነዚሁ ወህኒ ቤቶች የከረሙት ጎረቤት በዘሩ ሰድበው አልነበረም፤ መንግሥትን ተችተው ነው። ያኔም «አፍን መግታት ይሻላል» ብሎ የሚመክር አልጠፋም ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ መካሪ አቡነ ጴጥሮስን አስታውሰዋለሁ። ፋሺስቶች አርበኞችን ሽፍታ ብለህ አውግዝ ሲሏቸው እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። አንደበታቸውን የገቱት ከሐሰት ነበር።

እንግዲህ ለአባቶች አንድ ጥያቄ አለኝ። የንስሐ አባት ሲመጣ ጾምክ ወይ፣ አስቀደስክ ወይ፣ ለምን አትቆርብም ይላል። በዚህ ሳምንት ታክሲ ላይ ማንን በዘሩ ሰደብክ፣ ቡና ላይ የማንን ስም አጠፋህ፣ ያላጣራኸውን ወሬ ለስንት ሰው ላክህ ብሎ የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም። ስግደቱም ቀኖናውም በእጃቸው ነው። ከቱሉ ዲምቱ አጥቢያዎች ቢጀመርስ?