ቦዝ አንቀጽና ኮማ

በደሴ ከተማ፣ በቧንቧ ውሃ ሠፈር፣ ማመልከቻ በኮምፒዩተር ከሚጻፍባቸው ጠባብ ሱቆች በአንዱ ተራዬን ስጠብቅ፣ አንድ ወጣት ምሩቅ በጸሐፊዪቱ ትከሻ ላይ አጎንብሶ የሚያጽፈውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ከኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ አየሁት፤ «አይ ግራጁዌትድ ላስት ይር፣ አይ ሃቭ ኖት ፋውንድ ኤ ጆብ» ይላል፤ በመካከሉ አንዲት ኮማ ብቻ።

ይህን ስሕተት ከስንፍና የሚቆጥሩ መምህራን አሉ፤ እኔ ግን የልሳን ታማኝነት እለዋለሁ። ወጣቱ ያሰበው በአማርኛ ነዋ! «አምና ተመርቄ፣ ሥራ ሳላገኝ ቆየሁ» ሲል፣ «ተመርቄ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ራሱን ችሎ ስለማይቆም፣ ማሰሪያው «ቆየሁ» እስኪመጣ ድረስ ምሥጢሩን አንጠልጥሎ ያቆየዋልና ነጠላ ሰረዝ ይበቃዋል። የእንግሊዝኛው «ግራጁዌትድ» ግን እንደኛ «ተመረቅሁ» ማሰሪያ አንቀጽ ነው፤ ሁለት ማሰሪያዎችም በኮማ ብቻ አይጋጠሙም፤ ወይ ከኮማዋ ቀጥሎ «በት» የመሰለ አያያዥ ይገባል፣ ወይ በነጥብ ይዘጋል፣ ወይ ሴሚኮለን ይደረጋል። ሴሚኮለን በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በቬኒስ ከአልዶ ማኑዚዮ ማተሚያ ቤት የወጣ ምልክት ቢሆንም፣ ድርብ ሰረዝን ለለመደ ዓይን ባዕድ አይደለም።

ነገሩን ኢምንት ነው የሚል ካለ፣ እዚሁ አጠገባችን በውጫሌ በ1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የተፈረመውን፣ በአማርኛና በጣሊያንኛ ቅጂዎቹ ልዩነት ያጣላውን ውል 17ኛ አንቀጽ ያስታውስ፤ እርግጥ ያ ጠብ ከግስ እንጂ ከሰረዝ አልመጣም። በአሜሪካ በሜይን ግዛት ግን በትርፍ ሰዓት ክፍያ ሕግ ውስጥ አንዲት ኮማ በመጉደሏ፣ የወተት ማመላለሻ ሾፌሮች በ2017 እ.ኤ.አ. በይግባኝ ረትተው፣ በዓመቱ ጉዳዩ በ5 ሚሊዮን ዶላር ዕርቅ ተዘግቷል።

ልጆቻችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከአገር ውስጥ ቋንቋዎች በቀር ትምህርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ይማራሉ። ቦዝና ማሰሪያ አንቀጽን ግን የአማርኛው መምህር ለብቻው፣ ኮማና ሴሚኮለንን የእንግሊዝኛው ለብቻው ያስተምራሉ፤ ሁለቱም ሻይ የሚጠጡት በአንድ ክፍል ነው።

ያ የሱቁ ወጣት፣ ይህንኑ ስነግረው፣ ምክሬን ሰምቶ ኮማዋን አስጠፍቶ ሴሚኮለን አስደረገ። እናንተ መምህራን ግን፣ ይህን አንድ ምዕራፍ በአንድ ሰሌዳ ላይ፣ ጎን ለጎን ቆማችሁ እንድታስተምሩልን እማጸናችኋለሁ።