ኮንቴይነሩ ደርሷል፤ መውረጃው የት አለ?

ሥልጣኔ የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር የብዙዎቻችን አሳብ ወደ ትልቁ ነገር ይሮጣል። ስለ ግድብ፣ ስለ ባቡር ሐዲድ፣ ስለ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ እኩለ ሌሊት ብንከራከር አይሰለቸንም። በአንጻሩ ስለ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ እንነጋገር ቢባል ወንበሩን ለቅቆ የሚሄደው ሰው ይበዛል። እኛ ግን ዛሬ ለመጻፍ የተነሣነው ስለዚህችው አንድ ሜትር ተኩል ነው። ይህችም ከመሬት እስከ ጭነት መኪናው ወለል ድረስ ያለችው ከፍታ ናት። ትንሽ መስላ ብትታይም የስንት ሰው ወገብ የተቀጨባት፣ የስንት ነጋዴ ገንዘብ የባከነባት ቦታ ስለሆነች፣ አንባቢዎቻችን እስከ መጨረሻው እንዲታገሡን እንለምናለን።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን። በ1956 ዓ.ም. አፕሪል 26 ቀን ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪናዎች ባለሀብት፣ «አይዲያል ኤክስ» በምትባል የቆየች የነዳጅ መርከብ ላይ 58 የብረት ሣጥኖች ጭኖ ከኒውዋርክ ወደ ሂዩስተን ላከ። በዚያ ጊዜ ልቅ ጭነትን በሰው ጉልበት መርከብ ላይ ማስገባት ለአንድ ቶን ወደ 6 ዶላር ገደማ ይፈጅ ነበር፤ በማክሊን ዘዴ ግን ሒሳቡ ከ16 የአሜሪካ ሳንቲም አልበለጠም። ከዚያ ወዲህ የሣጥኑ መጠን በዓለም አቀፍ ስምምነት ተወሰነ፤ 20 ጫማ የሚባለው ወደ 6 ሜትር፣ 40 ጫማ የሚባለው ወደ 12 ሜትር ይረዝማል። መጠኑ አንድ ዓይነት በመሆኑም በሻንጋይ የተጫነውን ኮንቴይነር የጅቡቲ ክሬን ያለ ምንም ችግር ያነሣዋል።

በአገራችንም የወጪና የገቢ ንግዱ ዋና መንገድ የጅቡቲ ወደብ ነው። ከወደቡ የተነሣው ኮንቴይነር በመኪና ወይም በ2016 በተመረቀው የባቡር ሐዲድ ተጭኖ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል። በዚያም ግዙፍ ማንሻ መኪናዎች እንደ ክብሪት ሣጥን እያነሡ ይደረድሩታል። እስከዚህ ድረስ የሰው ትከሻ በዕቃው ላይ አላረፈም። የሠለጠነው ጉዞ የሚያበቃው ኮንቴይነሩ ከነመኪናው ከመጋዘኑ በር ላይ ሲቆም ነው። በሩ ይከፈታል፤ ሁለት ጣውላዎች ይደገፋሉ፤ ተሸካሚዎች ጆንያቸውን በጫንቃቸው ላይ ጣል አድርገው ይሰለፋሉ። ሺሕ ኪሎ ሜትሮችን በመኪና፣ በመርከብና በክሬን ያለፈው ዕቃ፣ የመጨረሻዋን አንድ ሜትር ተኩል የሚወርደው በአያቶቻችን ዘዴ ነው።

ወደ ውጭ የሚሄደውንም እንመልከት። ቡናችን የሚጫነው 60 ኪሎ በሚይዝ ጆንያ ነው፤ ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር 320 ጆንያ ይይዛል። ሲባዛ 19 ሺሕ 200 ኪሎ ይሆናል። ስድስት ሰዎች ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ 53 ጆንያ፣ ማለትም ከ3 ቶን በላይ ይደርሰዋል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 ባወጣው ምክር አንድ ጎልማሳ ወንድ ዘወትር ሊሸከም የሚገባው ከ55 ኪሎ መብለጥ እንደሌለበት አስታውቋል። በገበያችን ግን መቶ ኪሎ ያለበት ኩንታል በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ሲሄድ ማየት የተለመደ ነው። መንገደኛውም «ጎበዝ!» ብሎ አድንቆ ያልፋል። ያ ጎበዝ አርባ ዓመት ሲሞላው ወገቡን ይዞ ከቤት የሚውል መሆኑን ግን የሚያስብለት አይገኝም።

ለዚህ ችግር መድኃኒቱ ከጨረቃ የሚመጣ አይደለም። ተዘርግቶ የሚታጠፍ ወይም እየተጎተተ የሚሄድ የብረት መወጣጫ ነው። በሌላው ዓለም ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከመጋዘኑ ጋር አብሮ የሚሠራ ነው። የመጋዘኑ ወለል ከመኪናው ወለል ጋር እንዲቀራረብ 1 ሜትር ከ20 ያህል ከፍ ብሎ ይሠራል፤ በበሩም ላይ በሃይድሮሊክ ኀይል ከፍና ዝቅ የሚል የብረት ጠረጴዛ ይገጠማል። ከጠረጴዛው ጫፍ እንደ ምላስ ተስቦ የሚወጣ ብረት አለ፤ ይህ ምላስ ተዘርግቶ በኮንቴይነሩ ወለል ላይ ያርፍና ድልድይ ይሆናል። መኪናው በትክክል ተጠግቶ ባይቆም እንኳ ክፍተቱን ይሸፍነዋል። ጭነቱ እየቀነሰ የመኪናው ሞላ ከፍ ሲልም አብሮት ከፍ ይላል።

ሁለተኛው ለእኛ አገር ይበልጥ የሚስማማ ይመስለናል። ይኸውም ሁለት ጎማ ያለው፣ 11 ወይም 12 ሜትር የሚረዝም ተንቀሳቃሽ መወጣጫ ነው። በፎርክሊፍት ወይም በመኪና እየተጎተተ ወደሚፈለግበት ይሄዳል፤ በእጅ በሚሠራ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ጫፉ ከመኪናው ወለል ጋር እስኪስተካከል ድረስ ከፍ ይደረጋል፤ በሰንሰለትም ከመኪናው ጋር ይታሰራል። ወለሉ እንደ ወንፊት የተበሳ ብረት ስለሆነ ዝናቡና ጭቃው ወደ ታች ይወርዳል፤ የፎርክሊፍቱም ጎማ አይንሸራተትም። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ የመጋዘን ግንብ ማፍረስም አያስፈልገውም። ዛሬ በአንዱ መጋዘን፣ ነገ በሌላው ሊሠራ ይችላል።

ጥቅሙን ለመረዳት በትምህርት ቤት ስለ ተዳፋት የተማርነውን ማስታወስ ይበቃል። የመኪናው ወለል 1 ሜትር ከ40 ከፍታ አለው እንበል። በ3 ሜትር ጣውላ ለመውጣት የሚገጥመን ዳገት 28 ዲግሪ ያህል ነው፤ በ10 ሜትር መወጣጫ ግን 8 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። ሰበቃውን ትተን ብናሰላው፣ 500 ኪሎ ጭነት ያለበትን ጋሪ በጣውላው ላይ ለመግፋት የ233 ኪሎ ያህል ኀይል ይጠይቃል፤ በረጅሙ መወጣጫ ላይ ግን 70 ኪሎ ይበቃል። ይህን ሒሳብ ለፈተና ብለን አጥንተን ነበር። ፈተናውን አልፈን ወንበር ከያዝን በኋላ ግን በከተማችን በሚሠራው መጋዘን ላይ ልናውለው አላሰብንም። ትምህርት ከደብተር ወጥቶ ወደ ሥራ ካልገባ ጥቅሙ ምን ላይ ነው?

ይሁን እንጂ መወጣጫን ገዝቶ ማቆም ብቻውን ሥራውን አይፈጽምም። ዕቃው በፓሌት ላይ ተደርድሮ ካልመጣ ፎርክሊፍቱ ምን ያነሣል? ስለዚህ ከላኪው ጋር ውል ሲደረግ ጭነቱ በፓሌት እንዲታሸግ መነጋገር ይገባል። ይህ የማይሆን ከሆነም ፓሌቱን ወደ ኮንቴይነሩ አስገብቶ እዚያው መደርደር ይቻላል፤ ሠራተኛው ጆንያውን ከሁለት እርምጃ በላይ አይሸከምም።

አደጋውንም መደበቅ አይገባም። 2 ቶን ተኩል የሚያነሣ ፎርክሊፍት ራሱ 4 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ከነጭነቱ ስድስት ቶን ተኩል ማለት ነው። ይህ ክብደት ወደ ኮንቴይነሩ ገብቶ ፍሬን በያዘ ቁጥር መኪናውን በጥቂቱ ወደ ፊት ይገፋዋል። ጎማው በታኮ ካልተያዘ፣ መወጣጫውም በሰንሰለት ካልታሰረ፣ በመካከሉ ክፍተት ይፈጠርና ፎርክሊፍቱ ከነነጂው ይወድቃል። ሹፌሩ ማራገፉ ያለቀ መስሎት ሞተር ያስነሣ እንደሆነም ውጤቱ ያው ነው። በዚህ ምክንያት በሠለጠኑ ወደቦች ማራገፉ እስኪያልቅ ድረስ የመኪናውን ቁልፍ የማራገፉ ኀላፊ ይይዘዋል። ይህ ጥንቃቄ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሥርዓት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንመጣለን። «መወጣጫው ከገባ የተሸካሚው እንጀራ ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። በከተማው ውስጥ በጫኝነትና በአውራጅነት ተደራጅተው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ባለንብረቱ በበኩሉ የማውረጃው ዋጋ እንደፈለጉ የሚጠራ ነው እያለ ያማርራል። በሁለቱ መካከል የሚነሣው ጭቅጭቅ በየሰፈሩ የሚሰማ ነው። በዚህ መካከል አንድ ሰው መጥቶ ማሽን ቢያቆም፣ አንዱን ወገን ደስ አሰኝቶ ሌላውን ከሜዳ ላይ ይጥላል። እንዲህ ያለውን ሥልጣኔ እኛ አንደግፍም።

ነገር ግን ይህን ችግር ከእኛ በፊት ያዩት አሉ። በአሜሪካ የምዕራብ ጠረፍ የወደብ ሠራተኞች ማኅበር መሪ የነበረው ሃሪ ብሪጅስ፣ ማሽኑ እንደማይቀር በተረዳ ጊዜ «ማሽኑ ይግባ፤ ከሚያተርፈው ግን ድርሻችንን ስጡን» የሚል መንገድ ያዘ። በ1960 በተፈረመው ስምምነት አሠሪዎቹ በየዓመቱ 5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለሠራተኞቹ በተቋቋመ ገንዘብ ላይ ሊከፍሉ ተስማሙ። በዚያም ገንዘብ ሽማግሌዎቹ ቀደም ብለው ጡረታ ወጡ፤ ለቀሩትም የደመወዝ ዋስትና ሆነ። ሙሉ አባል ያልነበሩት ግን እኩል ዋስትና አላገኙም፤ ይህም ሊጠና የሚገባው ጉድለት ነው። በለንደን በኩል የሆነው ከዚህ ይለያል። ኮንቴይነር የሚጭኑት ታላላቅ መርከቦች ወደ ባሕሩ ቀረብ ወዳለው ወደ ቲልበሪ ሲዞሩ፣ ሮያል ዶክስ ይባሉ የነበሩት ታላላቅ ወደቦች በ1981 ለንግድ መርከብ ተዘጉ፤ የአካባቢው ሠራተኛ ኑሮም ተናጋ። ከሁለቱ ታሪኮች የምንማረው፣ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት የተነጋገረ ሰው ከመጣ በኋላ ከሚያለቅሰው እንደሚሻል ነው።

በእኛ አስተያየት የተንቀሳቃሹ መወጣጫ ባለቤት መሆን ያለበት ነጋዴው ሳይሆን የጫኝና አውራጆቹ ማኅበር ነው። አንድ ነጋዴ በወር ሁለት ኮንቴይነር ቢያስመጣ፣ መወጣጫው የቀረውን ጊዜ ዝገት ሲበላው ይኖራል። ማኅበሩ ግን ከመጋዘን ወደ መጋዘን እየጎተተ በየቀኑ ሊሠራበት ይችላል። በብድር ይግዛው፤ አለበለዚያም መሐንዲስ ባሰላው ንድፍ በአገር ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ ያሠራው። ዋጋው በኮንቴይነር ተቆርጦ ይታወቅ፤ ጭቅጭቁም ይብቃ። ከአባሎቹ አንዳንዶቹ ፎርክሊፍት መንዳት፣ አንዳንዶቹ ጭነት መመዝገብና መቆጣጠር ይማሩ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል የኖረው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ለአንድ ተሸካሚ የማይሞከረው ዕዳ፣ ለሃምሳው ማኅበርተኛ ሀብት ይሆንለታል።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ድርሻ አላቸው። የመጋዘን ሥራ ፈቃድ ሲሰጥ ስለ መጸዳጃና ስለ እሳት ማጥፊያ እንደሚጠየቀው ሁሉ፣ «መኪናው የሚያራግፈው የት ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። ባለ 12 ሜትር መወጣጫና ረጅም ተሳቢ ተቀጣጥለው የሚቆሙበት፣ ፎርክሊፍቱም የሚዞርበት ደልዳላ ሜዳ ከ35 ሜትር ባላነሰ ርዝመት ሊኖር ይገባል። በመርካቶ ጠባብ መንገዶች ውስጥ ይህ እንደማይቻል የታወቀ ነው። ለእነዚያ ዕቃው ከከተማው ዳር በጋራ መጋዘን ተራግፎ በትንንሽ መኪና እንዲገባ ማድረግ ይሻላል። ለአዳዲሶቹ የኢንዱስትሪና የመጋዘን ሰፈሮች ግን ምክንያት የለም። ዛሬ በንድፉ ላይ በእርሳስ የሚሰመረውን፣ ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ለማስተካከል ግንብ ማፍረስ ይጠይቃል።

እናንተ ገና በትምህርት ላይ ያላችሁ ወጣቶች፣ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ስትፈልጉ አንድ ቀን ከመጋዘን በር ላይ ቁሙ። አንድ ኮንቴይነር ለማራገፍ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ስንት ሰው እንደደከመበት፣ ስንት ጆንያ እንደተቀደደ ቁጠሩና ጻፉ። እናንተም በየመሥሪያ ቤቱ ገብታችሁ ማኅተምና ፋይል የያዛችሁ ጓደኞቻችን፣ የመጋዘን ንድፍ ከጠረጴዛችሁ ላይ በደረሰ ጊዜ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት የማራገፊያውን ቦታ በጣታችሁ ፈልጉት። ካላገኛችሁት ለባለንብረቱ መልሳችሁ ስጡት። ይህን ለማድረግ የሚኒስትር ትእዛዝ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የተማራችሁትን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ በር ላይ ነገ ጠዋት ጆንያ ሊሸከም የሚቆመው ሰው ይህን ንድፍ የማየት ዕድል የለውም፤ እናንተ ግን አይታችሁታል።