ከጣሪያው የሚጀመር ቤት

የገና ሰሞን ከውጭ አገር የመጣች ዘመዳችን ለእህቴ ልጅ አንድ ካርቶን ሙሉ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ጡብ አመጣችላት። ልጆቹ «ሌጎ» ይሉታል። ኦሪጅናሉም፣ መርካቶ የሚሸጠው አስመሳዩም በዚሁ ስም ነው የሚጠራው። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ቤት ስትሠራ፣ ስታፈርስ፣ መኪና ስትሠራ፣ ስታፈርስ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ስልኬ ላይ የኤፍል ማማን በሌጎ የሠሩ ሰዎችን አሳየኋት። 10,001 ቁራጭ ነው፤ ተገጣጥሞ ሲያልቅ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። አየችው፣ አየችውና «ጋሼ፣ እኛስ ዋሻ ሚካኤልን ለምን አንሠራም?» አለችኝ።

«እንሥራ» አልኩ፤ ምን ችግር አለው ብዬ።

«ስንት መስኮት አለው?»

ዝም አልኩ። የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። የኤፍል ማማ ቁመት 330 ሜትር መሆኑን ጠይቁኝ፣ ሳልተነፍስ እመልሳለሁ። ከቤቴ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ስንት መስኮት እንዳለው ግን አላውቅም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። መንገዱ በየካ ሚካኤል በኩል ሽቅብ ነው፤ የባሕር ዛፉ ሽታ ከእንጦጦ በሚወርደው ብርድ ውስጥ አፍንጫ ይሰረስራል። ዋሻ ሚካኤል በምእመናን ትውፊት የነገሥታቱ የአብርሃና የአጽብሃ ዘመን ሥራ ነው፤ አራተኛው ክፍለ ዘመን ማለት ነው። አጥኚዎች ደግሞ ከዚያ ብዙ ዘግይቶ፣ በመካከለኛው ዘመን የተሠራ ነው ይላሉ። ክርክሩን ለእነርሱ ትቼ ልጅቷን ተከተልኳት። በእርምጃዋ ለካች፣ በጣቷ ቆጠረች፣ ደብተሯ ላይ በእርሳስ ሣለች። ጥግ ይዘው የተቀመጡ አንድ አባት ሲያይዋት ቆይተው፣ «ፎቶ የሚያነሳ ብዙ ይመጣል፤ የሚቆጥር ሰው ሳይ ግን አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ፣ ልጄ» አሏት። የመስኮቱን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም። ሄዳችሁ ቁጠሩ።

ችግሩ የመጣው ቤት ከተመለስን በኋላ ነው። ከምን እንጀምር? ሌጎ ከታች ወደ ላይ የሚደረደር ነገር ነው። ዴንማርካዊው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1932 በአንድ አናጢ ሲቋቋም መጫወቻዎቹን የሚሠራው ከእንጨት ነበር፤ ዛሬ ለምናውቀው ጡብ የፈጠራ መብት ማመልከቻ የገባው እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1958 ነው። ብልሃቱ ከላይ ባሉት እብጠቶችና ከሥር ባሉት ቱቦዎች ነው፤ አንዱ ሌላውን ቆንጥጦ ይይዘዋል፣ ሲፈልጉም ይለቀዋል። ባለ ስምንት እብጠት የሆኑ ስድስት አንድ ዓይነት ጡቦች ብቻ ከ915 ሚሊዮን በሚበልጥ መንገድ ሊገጣጠሙ እንደሚችሉ የሒሳብ ሰዎች አስልተዋል። ከዚያ ሁሉ መንገድ ውስጥ ግን ዋሻ የሚሆን አጣን። የእኛ ቤተ ክርስቲያን አልተደረደረማ! ተቆፍሮ የወጣ ነው። ግድግዳው አልተገነባም፤ ግድግዳ ያልሆነው ነገር ተነሥቶ ነው ግድግዳው የቀረው።

አንድ ሰዓት ያህል ስንደረድርና ስናፈርስ ቆየን። የወጣልን ሁሉ ተራ ቤት ነው። በመጨረሻ ልጅቷ አንድ ሐሳብ መጣላት፦ ያሉንን ጡቦች በሙሉ ደርድረን፣ ውስጡ ክፍተት የሌለው አንድ ትልቅ ድፍን አለት እንሥራ፤ ከዚያ ከላይ ጀምረን እንንቀል። መገንባቱን ትተን መንቀል ጀመርን። ሌላ ቤት ከመሠረቱ ነው የሚጀመረው፤ ከአለት የሚፈለፈለው ግን ከጣሪያው ይጀመርና መሠረቱ ላይ ያልቃል። ላሊበላ ላይ ቤተ ጊዮርጊስን የሠሩት ሰዎች መጀመሪያ የቆሙት ዛሬ መስቀሉ በሚታይበት ጣሪያ ላይ ነው፤ አሥራ ሁለት ሜትር ገደማ እየጠረቡ ወረዱ። እኛ ስንሳሳት ጡቡን መልሰን እንሰካለን። እነርሱ አንዲት ዓምድ አንዴ ቢስቱ የሚመልሱበት የለም። ይህንን መጽሐፍ ላይ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። የገባኝ ግን አንዲት ዓምድ በስሕተት ነቅዬ፣ ልጅቷ «ውይ ጋሼ! አሁን እኮ ቤተ ክርስቲያኑ ወደቀ!» ብላ ስትቆጣኝ ነው።

ታናናሽ አምሳያ መሥራት የፈረንጅ ልጆች ጨዋታ የሚመስለን ከሆነ ተሳስተናል። የአክሱም ሐውልቶችን ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ከሥር የተቀረጸ በር አለ፣ ከላይ በየደርቡ መስኮት አለ፣ በየመሐሉ ወጣ ወጣ ያሉ የአግዳሚ እንጨት ጫፎች በድንጋይ ተቀርጸዋል። በሩ አይከፈትም፣ መስኮቱም አያሳይም። ሐውልቱ የባለ ብዙ ፎቅ ቤት አምሳያ ነው፤ አንድ ወጥ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ሞዴል። ላሊበላ ያለው ቤተ አማኑኤልም እንዲሁ በእንጨትና በድንጋይ ተራ በተራ የተደረደረ አክሱማዊ ግድግዳ እንዲመስል ሆኖ ከአለት ተቀርጿል። ላሊበላ ራሷ በትውፊቱ የኢየሩሳሌም አምሳል ናት፤ ዮርዳኖሷም ጎልጎታዋም እዚያው አሉ። ሌጎ አልነበራቸውም እንጂ ሞዴል ሠሪዎች ነበሩ።

እንደ ሌጎ የተገጣጠመም አለን። ኢጣሊያ በ1929 ዓ.ም. የወሰደችው 24 ሜትር የሚሆነው ሐውልት በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን የተመለሰው በሦስት ቁራጭ ነው። ነሐሴ 1997 አልፎ፣ 1998 አልፎ፣ ተገጣጥሞ ቆሞ የተመረቀው ነሐሴ 2000 ላይ ነው። ከ150 ቶን በላይ የሚመዝን ባለ ሦስት ቁራጭ «ሌጎ» ነበር ማለት ነው፤ ሲሳሳቱ ነቅሎ መልሶ መሰካት የሌለበት።

ዛሬስ ሞዴል የት ነው የምናየው? ከሲኤምሲ እስከ አያት ባሉት የሪል ስቴት ቢሮዎች ግቡ። መስታወት ውስጥ አምፖል የበራለት፣ ዛፍ የተተከለበት፣ ደቃቅ መኪና የቆመበት አፓርታማ ያምራል። ገና ያልተሠራ ነው። ጎንበስ ብለን «የእኛ የትኛው ነው?» እንላለን፤ ሻጩም በጣቱ ዘጠነኛውን ፎቅ ያሳየናል። ሊሸጥ ላለው ነገር ሞዴል አለን፤ ላለን ነገር ግን የለንም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የቆዩ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲነሱ ስንቶቻችን ነን ስልካችንን አገላብጠን የድሮ ፎቶ የፈለግነው? ፎቶው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ያለነው እኛ ነን፤ ቤቱ ከትከሻችን ኋላ ተቆርጦ ይታያል። በረንዳው ስንት ምሰሶ ነበረው? ደረጃው በግራ ነበር በቀኝ? ሞዴል የሠራ ልጅ ይህንን አይረሳም፤ ጣቶቹ ያውቁታላ።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። የየካና የአካባቢው ትምህርት ቤቶች በዓመት አንድ ቅዳሜ ልጆቹን ሽቅብ ያውጧቸው። አንዱ ክፍል ዋሻ ሚካኤልን ይቁጠር፤ ሌላው ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የነገሡባትን እንጦጦ ማርያምን፣ ሦስተኛው እዚያው ያለውን የንጉሡን ቤተ መንግሥት። ሌጎ ውድ ነው የሚል ካለ አልከራከረውም፤ ውድ ነው። ግን የእንጦጦው ቤተ መንግሥት ራሱ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ነው፤ አምሳያውን ለመሥራት ጭቃና ጭድ ይበቃል። ከቆርኪና ከሽቦ መኪና የሠራ ትውልድ፣ እቃቃ ሲጫወት በአፈር ቤት የቀለሰ ትውልድ ካርቶን ቢሰጠው ምን ያቅተዋል? ለግምገማ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ስንት መስኮት አለው?

የእኛው ሞዴል አሁን መደርደሪያ ላይ ነው። አለቱ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ነው፤ ያለን ቀለም ይኸው ነበር። ልጅቷ ሥራዋን ጨርሳ ካርቶኑን ልታነሣ ስትል ከአለቱ ውስጥ የነቀልናቸው ጡቦች ወለሉ ላይ ተቆልለው አየች። ቁልሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ይበልጣል። ትንሽ አሰበችና፣

«ጋሼ፣ ከዋሻው ያወጡትን ድንጋይ የት አደረሱት?»

የላሊበላን ታሪክ የሚያጠኑ ሊቃውንት ይህንኑ ጠይቀው፣ የተጣለውን የጥርብ ፍርስራሽ ክምር እስከ ማጥናት ደርሰዋል። እኔ ግን ሃያ ዓመት በዋሻ ሚካኤል ሥር ሳልፍ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። መልስ ስላልነበረኝ ጫማዬን አጠለቅሁ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ገና ነበር፤ ግን እሷ ደብተሯን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።