የአርዲቦ ውሃና የኛ ድርሻ

የሐይቅን ባሕር ስሙን የማያውቅ የለም፤ የእስጢፋኖስ ገዳም አለበትና፡፡ ከበላዩ በተራሮች መካከል የተቀመጠውን አርዲቦን ግን ብዙው ሰው አልሰማም፡፡ ነገር ግን የላይኛው ማድጋ ካልሞላ ለታችኛው አይተርፍም፡፡ የአርዲቦ ትርፍ ውሃ በጅረት ወርዶ ሐይቅን ይቀልባል፤ ሐይቅም በምድር ላይ የሚታይ መውጫ ስለሌለው ያገኘውን አብዛኛውን የሚከፍለው ለፀሐይ ነው፡፡

ይህም ዕዳ እየከበደ ሄዷል፡፡ ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 280 እጅ ያህል የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 አልፏል፤ ከከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከደን ምንጠራ የመጣ ነው፡፡ ምድር ወደ ላይ የምትሰደውን ሙቀት እንደ ጋቢ አፍኖ ያስቀረዋል፡፡ አየሩ በሞቀ መጠን ከሐይቅ የሚጠጣው ይበዛል፤ ዝናቡም ሲጥል በኃይል ይወርድና የተራቆተውን አፈር ጠርጎ ያወርዳል፡፡ በየዓመቱ ከሚወጣው ከዚህ ጭስ የአፍሪካ ሁሉ ድርሻ ከመቶ 4 እጅ አይሞላም፡፡ የወሎ ገበሬ ድርሻ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ እንኳ ነውር ነው፡፡

ይህ ሁሉ እውነት ሲሆን አንድ የሚያሰጋን ነገር አለ፤ ይኸውም «የአየር ንብረት ነው» የሚለው ቃል ለባለሥልጣን ሁሉ የተመቸ መሸሸጊያ እንዳይሆን ነው፡፡ ኮረብታውን ያራቆተው የኛው መጥረቢያ ነው፡፡ መስኖ ይቅር አንልም፤ በልግ ሲከዳ የገበሬውን ልጅ የሚያበላው እርሱ ነውና፡፡ ነገር ግን ማን ስንት እንደሚቀዳ፣ ለታችኛውም ምን እንደሚተርፍ ቁጥሩ በየቀበሌው ይለጠፍ እንላለን፡፡

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ የዝናቡ መቅረት እውነት ነበረ፤ ሕዝቡን የፈጀው ግን ወሬው መደበቁም ጭምር ነው፡፡ ያን ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ናቸው ፎቶግራፉን አምጥተው ያሳዩት፡፡ ዛሬ የሚፈለገው ከዚያ የቀለለ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ2027 32ኛው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ እንዲደረግ ተወስኗል፡፡ መንግሥት ከባለጸጎቹ አገሮች ካሣ ይጠይቅ፤ አብረን እንጮኻለን፡፡ እስከዚያው ግን የጂኦግራፊና የውሃ ምሕንድስና ተማሪዎች ምልክት ያለው ዘንግ በአርዲቦ ዳር ተክለው በየወሩ ያንብቡ፤ ልኩን በዚህ ጋዜጣ እናትማለን፡፡ ዘንጉ የሚተከልበትን ቦታ ገበሬዎቹ ይምረጡ፤ ውሃው በክረምትና በበጋ እስከ የት እንደሚደርስ ከኛ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ፡፡