ነጩን ተዉት

ኅዳር ሚካኤል ካለፈ በኋላ በእኛ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚበላ ሰው የለም። ጠረጴዛው በወረቀት፣ በኮላና በቀጫጭን ብረቶች ስለሚያዝ ባለቤቴና ልጆቹ ሳህናቸውን ይዘው ሶፋው ላይ ይደረደራሉ። ማጉረምረማቸው አልቀረም፤ ግን ለምደውታል። ሜሪላንድ የሚኖር አበሻ ሁለት ገና አለበት፤ ታኅሣሥ 16 የፈረንጆቹ፣ ታኅሣሥ 29 የራሳችን። በመጀመሪያው ለሥራ ባልደረባና ለጎረቤት፣ በሁለተኛው ለዘመድ አዝማድ እያልኩ በየዓመቱ አርባ ያህል ካርድ በእጄ እሠራለሁ። በመሃል 13 ቀን መኖሩ ጠቅሞኛል። ሥራው ያልደረሰልኝ ዓመት «የእኛው ገና ገና ነው» እያልኩ እሸሸግበታለሁ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ከእኛ በታች ፎቅ የሚኖሩ አሜሪካዊት ጡረተኛ ናቸው። አንድ ዓመት በሬ ሥር ካርድ አስቀምጠውልኝ አገኘሁ። ነጭ ወረቀት ላይ ነጭ ዛፍ፣ ሌላ ምንም የለበትም። መብራት ሥር ዘንበል ሳደርገው ጥላው ነው ዛፍ መኖሩን የነገረኝ። ቅርንጫፎቹ ከክር አይወፍሩም። በመቀስ የቆረጡት መስሎኝ እየተገረምኩ ላመሰግናቸው ወረድኩ። ሳቁብኝና ወደ ጓዳ አስገብተው ማሽኑን አሳዩኝ።

ማሽን ስል ኤሌክትሪክ የለውም። በእጅ የሚዞር የፓስታ መዳመጫ ያየ ሰው አይቶታል ማለት ነው፤ ሁለት ድቡልቡል ብረቶችና አንድ እጀታ። ቁም ነገሩ ያለው ዳይ የሚሉት ነገር ላይ ነው። ዳይ በቅጠል፣ በኮከብ ወይም በዛፍ ቅርጽ የተሠራ ስስ ብረት ነው፤ በአንድ ፊቱ ጠርዙ የሰላ። ሊጥ ላይ ተጭኖ ብስኩት የሚያወጣው ቆርቆሮ ታናሽ ወንድም በሉት። በፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ወረቀቱ ይነጠፋል፣ ዳዩ ስለቱ ወደ ወረቀቱ ዞሮ ይቀመጣል፣ ከላይ ሌላ ሰሌዳ ይደረባል፤ ከዚያ በሁለቱ ብረቶች መሃል እየተጨመቀ ያልፋል። ሲያልፍ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ አጥንት የሚሰበር ነው የሚመስለው። የመጀመሪያ ቀን ንብረታቸውን ያበላሸሁ መስሎኝ እጄን ብድግ አደረግኩ። «አዙሪ፣ አዙሪ፤ እሱ እንዲህ ነው የሚያወራው» አሉኝ።

ይህን የሰማች ጓደኛዬ «ታዲያ ማሽን ቆርጦት የእጅ ሥራ ትይዋለሽ እንዴ?» ብላ ያዘችኝ። ከቤተ ክርስቲያን መመለሳችን ነበርና ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው። «ይሄን የለበስሽውን ሸማኔው በጥፍሩ ነው የሠራው?» አልኳት። በእግሩ የሚረግጠው፣ በእጁ የሚወረውረው መሣሪያ አለው፤ ነጠላዋን ግን የፋብሪካ ናት የሚላት የለም። ጓደኛዬ አልተረታችም፤ እኔም ካርዱን ልኬላታለሁ።

ከነገሩ ሁሉ የሚያስቀኝ ግን ታሪኩ ነው። ለገበያ የወጣውን የመጀመሪያውን የገና ካርድ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1843 ሄንሪ ኮል የተባለ የለንደን ሰው ነው። በኋላ ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት የሚባለውን ሙዚየም በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት የመራው እሱ ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በ1840 እንግሊዝ ውስጥ ደብዳቤ በአንድ ፔኒ መላክ ሲጀመር ለዚያ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ነበር። ፖስታው ሲረክስ ሰው ሁሉ ለገና መጻጻፍ ያዘ። ደብዳቤ ደርሶት ያልመለሰ ባለጌ ነው። ኮልም በገዛ ድካሙ ባመጣው የደብዳቤ ክምር ተቀበረ። መውጫ ሲፈልግ ጆን ካልኮት ሆርስሊ የተባለ ሠዓሊ አንድ ሥዕል እንዲሠራለት አደረገ፤ 1,000 ያህል ቅጂ አሳትሞ ስም የሚሞላበት ባዶ ቦታ ተወበት፤ ለራሱ ከሚበቃው የተረፈውን በአንድ ሽልንግ አስቸበቸበ። ሥዕሉ ላይ ቤተሰቡ ወይን ሲጠጣ አንዲት ሕፃንም ከብርጭቆው ትቀምሳለች። መጠጥን የሚቃወሙ ሰዎች ኡኡ አሉ። (በድግስ ጉሽ ጠላ ቀምሶ ላደገ አበሻ ነገሩ እምብዛም አያስደነግጥም።)

የገና ካርድ የተወለደው እንግዲህ ጊዜ ካጠረው ሰው ቤት ነው። እኔ ኅዳር ላይ ጠረጴዛ ይዤ የምቀመጠው ደግሞ ኮል የሸሸውን ልሠራ፣ ለአንዲት አክስት አርባ ደቂቃ ላጠፋ ነው። ቆርጦ የማውጣቱም ነገር የትናንት ፈጠራ አይደለም። በቪክቶሪያ ዘመን በቀለም የታተሙ፣ በብረት ቅርጽ የተቆረጡ መላእክትና ጽጌረዳዎች ከጀርመን በገጽ በገጽ እየመጡ ይሸጡ ነበር፤ ሴቱ ወይዛዝርቱ እየነጠለ አልበምና ካርድ ላይ ይለጥፍ ነበር። ዛሬ ከሱቅ ገዝተን የምንለጥፈው ሁሉ የእነሱ የልጅ ልጅ ነው።

ችግራቸውም ወደ እኛ ወርዷል። መቁረጥ ሲቀል መለጠፍ ይበዛል። የመጀመሪያ ዓመቴን ካርድ እስካሁን አስቀምጬዋለሁ፣ መቀጣጫ እንዲሆነኝ። ቀይ መደብ፣ በላዩ አረንጓዴ ክፈፍ፣ በክፈፉ ላይ ወርቃማ ቅጠል፣ ጥግ ላይ አጋዘን፣ በሌላው ጥግ ደወል፣ ከላይ ሪባን፣ በሁሉም ላይ ብልጭልጭ ዱቄት። ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኛል። በኩራት ይዤ ወደ ታች ወረድኩ። ጎረቤቴ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና ጥቂት ዝም አሉ። «ጥሩ ነው። አሁን ሦስት ነገር አንሺለት።» አጋዘኑን፣ ደወሉን፣ ሪባኑን ላጥኩ። «እንደገና ሁለት።» የቀረው ቅጠሉ ነበር፤ እሱም ቀይ መደብ ላይ ስለሆነ እንደ ቁስል ይታያል። ነጭ ወረቀት አምጥተው ሥሩ አደረጉበት። ጥርት አለ።

በዚያች ቅጽበት ትዝ ያለኝ የእናቴ ነጠላ ነው። አራት ክንድ ነጭ፣ ከዚያ ጫፉ ላይ ጣት የማይሞላ ጥለት። ጥለቱ መሃል ላይ ቢሆን ወይም ጨርቁን ሁሉ ቢሞላው ማን ዞር ብሎ ያየዋል? እኔ ይህን እያየሁ ነው ያደግኩት። ፈረንጅ ሱቅ ገብቼ ግን የብልጭልጩ ብዛት አሳውሮኝ ዱቄቱን በኪሎ ሸመትኩ። ዛሬ የምሠራው ካርድ አንድ ዳይ፣ ቢበዛ ሁለት ቀለም ነው፤ ቀሪው ነጭ። የሚያምር ካርድ ልሥራ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ምን ልጨምር ይለኛል።

ነጩን የተወ ሰው ግን ስንፍናውን የሚደብቅበት ቦታ አያገኝም። ብልጭልጭ ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል፤ ባዶ ወረቀት ላይ አንዲት የኮላ ጠብታ እንኳ ታሳጣለች። ስለዚህ እጅ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ዳዩ በጣም ደቃቅ ከሆነ መሃሉ አይቆረጥም፤ ሰሌዳው ሥር አንድ ቀጭን ወረቀት ደርባችሁ ደግማችሁ ታሳልፉታላችሁ። ቆርጦም ቅርጹ ብረቱ ውስጥ ተሰንቅሮ አልወጣ ይላል፤ በወረቀቱና በዳዩ መካከል ሰም የተቀባ የወጥ ቤት ወረቀት ካነጠፋችሁ ይለቃል፤ የቀረውን በመርፌ ከኋላ በቀዳዳዎቹ ገፋ ገፋ ማድረግ ነው። ኮላው በወፍራም ጫፍ ከሆነ አለቀ፣ በየቅርንጫፉ ጎን ይንቆረቆራል። እኔ ጫፉ እንደ መርፌ የቀጠነ ጠርሙስ እጠቀማለሁ፤ ነጥብ ነጥብ፣ እሱም ጠርዙን በማይነካካው ሥፍራ። ከፍ ብሎ እንዲታይ የፈለግኩትን ደግሞ ያንኑ ቅርጽ ሦስት ጊዜ ቆርጬ አንዱን ባንዱ ላይ አጣብቀዋለሁ። ስፖንጅ ከሚገባበት ይልቅ ይህኛው ያምራል፤ ከጎን ሲታይ ከአንድ እንጨት የተፈለፈለ ነው የሚመስለው።

ከሁሉ የምወደው ግን መለጠፉን ትቶ ቀዳዳውን መጠቀም ነው። ከነጩ ገጽ ላይ ኮከቡን ትቆርጣላችሁ፤ የወጣውን ኮከብ ትጥሉና በኮከቡ ቦታ የቀረውን ቀዳዳ ትይዛላችሁ። በዚያው ዳይ ከቀይ ወረቀት ሌላ ኮከብ ቆርጣችሁ ቀዳዳው ውስጥ ብትገጥሙት ጠርዝ ለጠርዝ ይገጥማል፤ በጣት ስትዳስሱት ወጣ ገባ የለውም። በመቀስ ይህን አደርጋለሁ የሚል ካለ ይምጣና ጠረጴዛዬ ላይ ይሞክር።

ገበያው ላይ ያለው ዳይ የበረዶ ቅንጣት፣ የበረዶ ሰው፣ ጋሪ የሚጎትት አጋዘን ነው። ጋራዡ ፊት ለፊት በረዶ የሚጠርግ ሰው ይህን ቢልክ አይፈረድበትም። አዲስ አበባ ላለች እናት ግን የበረዶ ሰው ምኗ ነው? ጥዱ ላይ ጥጥ እየበተንን በረዶ ነው እያልን ያደግነው ይበቃል። ኮከብ አለ፤ ሰብአ ሰገልን የመራው እሱ ነው። ፈረንጆቹ የገና አበባ የሚሉት ቀዩ አበባም በአዲስ አበባ ግቢ አጥር ሥር የምናውቀው ነው። መስቀል ግን፣ የእኛው ዓይነት ጥልፍልፍ መስቀል፣ ሱቅ ውስጥ አላጋጠመኝም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ የራስን ሥዕል የሚቆርጥ ማሽን ያላቸው አሉ። እኔ የለኝምና አንድ ዓመት በምላጭ ሞከርኩት።

የላሊበላን መስቀል ፎቶ አስቀምጬ ስቆርጥ የገባኝ ነገር አለ። መስቀል ሠሪው ብረቱን እየበሳ ብርሃን የሚያሳልፍበትን ቦታ ሲያበጅ እያንዳንዱ መስመር ከጎረቤቱ ጋር መያያዝ አለበት፤ ያልተያያዘው ይወድቃል። የዳይም ሕግ ይኸው ነው። እኔ አንዷን መስመር ረስቼ ቆረጥኳት፤ መስቀሉ አንድ ክንዱ ተንጠልጥሎ ቀረ። ደግሜ ሞከርኩ፤ አውራ ጣቴን ቆረጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳይን እንደ ማታለያ የሚቆጥር ሰው ሲያጋጥመኝ ጠባሳዬን አሳየዋለሁ።

ምላጩን ግን አልጣልኩትም፣ ምክንያቱም የአማርኛ ቃል የሚቆርጥ ዳይ የለኝም። «መልካም ገና» ብዬ በነጩ ወረቀት ላይ እንደ መስኮት ልከፍተው ፈለግኩ። መጀመሪያ የ«መ» ሁለት ዓይኖች ከነቀለበታቸው ወደቁ፤ ቀጥሎ የ«ም»። ጠረጴዛው ላይ አራት ሽንብራ የማያካክሉ ክብ ወረቀቶች ተደርድረው፣ ካርዱ ላይ ደግሞ ፊደል ሳይሆን አራት ሰፋፊ ጉድጓዶች ቀሩ። ደብተር ላይ ፊደል ዘርዝሬ ዓይን ያለውንና የሌለውን ለየሁ። ያኔ ነው የታየኝ፤ «ገ» ዓይን የለውም፤ «ና»ም የለውም። ሁለቱም ክፍት ናቸው። ወረቀት ላይ ተከፍቶ አንዲት ፍንካች የማይወድቅበት ቃል ፈልጌ ያገኘሁት «ገና»ን ራሱን ነው። ባለቤቴን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ነገርኩት። «እሺ» ብሎ ተኛ።

ስለ መላኩ ባጭሩ። አንድ የተለመደ የአሜሪካ ወረቀት ለሁለት ተከፍሎ ሲታጠፍ ሁለት ካርድ ይወጣዋል፣ 14 በ11 ሳንቲ ሜትር ገደማ፤ ፖስታውም በየሱቁ አለ። አራት ጎኑ እኩል የሆነ ካርድ ያምራል ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ እዚህ አገር የፖስታ መለያ ማሽን ስለማይመቸው ተጨማሪ ቴምብር ይጠይቃል። እኔ ሳላውቅ ሃያ ልኬ ስንቱ እንደተመለሰልኝ አልናገርም። ጉጥ ያለውም እንደዚያው ነው። አዲስ አበባ የሚሄደውን ግን እንደ ሁላችን በሚሄድ ሰው እጅ ነው የምልከው፣ ከቫይታሚንና ከስልክ ጋር።

ባለፈው ዓመት ለእናቴ የሄደው ያ መስኮት የተከፈተበት ነበር። ድፍን ነጭ፣ መሃሉ ላይ «ገና»፣ ከውስጥ ምንም አላደረግኩበትም፤ ስትከፍተው ብርሃን እንዲያልፍበት ብዬ። በዋዜማው ደወልኩ።

«እማዬ፣ ካርዱ ደረሰሽ?»

«ደርሶኛል ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥሽ። ግን የላክሽው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ምነው?»

«ጽሕፈቱን መንገድ ላይ ጥሎታል። ቀዳዳው ነው የመጣው።»

ሆን ብዬ ነው ብዬ አስረዳኋት። «እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አለችኝ፤ ድምጿ ግን ያዘነልኝ ነው የሚመስለው። በማግስቱ እህቴ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ካርዱ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሟል። እናቴ ካረጀ ቀሚሷ ላይ ቀይና ቢጫ ጥለት ቀድዳ ከኋላ በኩል በመርፌ ወግታበታለች፤ ሁለቱ ፊደሎች በጥለት ተሞልተዋል። ዙሪያውን አልነካችውም።