በኢንተርኔት የሚገኝ ማስተርስ፦ የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ተማሪዎች ምን ሊጠይቁ ይገባል?



ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች በባንክ፣ በእርዳታ ድርጅት ወይም በፋብሪካ ቢሮ የምትሠሩ ከሆነ፣ "ከሥራችሁ ሳትለዩ ኤምቢኤ ተማሩ" የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም ሳይደርሳችሁ አልቀረም። ማስታወቂያውን የላከላችሁ ሰው ደግሞ አብሯችሁ የሚዘምር ወይም የቤት ኅብረታችሁ አባል ሊሆን ይችላል። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። የማናውቀው ነጋዴ ቢሆን ኖሮ አሥር ጥያቄ የምንጠይቀውን፣ "ወንድም ነው" በማለት አንድም ሳንጠይቅ እንከፍላለን።

ፍላጎቱ ከየት እንደመጣ ማየት ይገባል። የሞጆ ደረቅ ወደብ፣ የባቱ የአበባ እርሻዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በ2021 የተመረቀው የቡልቡላ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ እነዚህ ሁሉ ሒሳብ ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን ሥራ አስኪያጅ ይፈልጋሉ። የሥራ ማስታወቂያዎችም "ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ይመረጣል" ይላሉ። በአዳማ ያለው ትልቁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በስሙም በተልእኮውም ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ አዘንብሏል። ስለዚህ ቢዝነስ መማር የፈለገ ሰው ያለው ምርጫ የግል ተቋም ነው፤ በ1993 ዓ.ም. እዚያው አዳማ የተመሠረተውን ሪፍት ቫሊን የመሳሰሉ ማለት ነው። አለዚያ በየቅዳሜና እሑዱ ወደ አዲስ አበባ መመላለስ፣ አለዚያም ኢንተርኔት። እሑድን ለጉባኤ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ሦስተኛው መንገድ ይማርካል።

"በርቀት የተገኘ ዲግሪ ዲግሪ አይደለም" የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ ትክክል አይደለም። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ኤምቢኤያቸውን እ.ኤ.አ. በ1995 ያገኙት ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ተምረው ነው። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ከ1946 ጀምሮ በርቀት ያስተምራል፤ በ2007 ደግሞ አቃቂ ላይ ማእከል ከፍቷል። የሕንዱ ኢግኑ በቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ በኩል ብዙ ኢትዮጵያውያንን በማስተርስ አስመርቋል። የእነዚህ ተመራቂዎች ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ በኃላፊነት ተቀምጠዋል።

ይሁን እንጂ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርትን በመላ አገሪቱ አግዶ ነበር። እገዳው በኋላ ቢላላም፣ በወቅቱ ተመዝግበው የነበሩት ምን ያህል እንደተጨነቁ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ መውጫ ፈተናም ብዙ ነገር ገልጧል። ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ፈተናው ማስተርስን አይመለከትም። ነገር ግን ክፍያ ተቀብሎ ማስመረቅና ማስተማር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በቁጥር አሳይቶናል።

እንግዲህ ከአገር ውስጥ ተቋም ለመማር ካሰባችሁ፣ "እውቅና አለው ወይ?" ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። በ1995 ዓ.ም. የተቋቋመውን የጥራት ኤጀንሲ የተካው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ እውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ ስም በጅምላ አይደለም። ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስና ለእያንዳንዱ የማስተማሪያ ዘዴ ለየብቻ ነው። አንድ ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ በመደበኛ ኤምቢኤ ለማስተማር ፈቃድ ሊኖረው ይችላል፤ በሻሸመኔ ቅርንጫፉ ግን ላይኖረው ይችላል። በሻሸመኔ ቢኖረው እንኳ በኦንላይን ለማስተማር ላይፈቀድለት ይችላል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የእውቅና ወረቀት እውነተኛ ሆኖ ሳለ እናንተ የምትማሩት ትምህርት ከእውቅና ውጭ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ወረቀቱን ስታዩ የመስኩን ስም፣ የካምፓሱን ስም፣ ዘዴውንና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። ደግሞም ለማስተርስ መግቢያ የሚሰጠውን አገር አቀፍ ፈተና "ለእኛ አያስፈልግም" የሚል የአገር ውስጥ ተቋም ካጋጠማችሁ፣ ለምን እንደማያስፈልግ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። በጽሑፍ የማይሰጥ መልስ መልስ አይደለም።

የውጭ አገሩ ጉዳይ ሰፋ ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ፣ መቀመጫው በፓኪስታን ካራቺ የነበረ አክዛክት የሚባል ኩባንያ ቢያንስ 370 ድረ ገጾችን ከፍቶ የሐሰት ዲግሪ ሲሸጥ እንደነበር አጋለጠ። ዩኒቨርሲቲዎቹ የአሜሪካ ከተማ ስም የሚመስል ስም፣ የሚያምር ሕንፃ ፎቶግራፍና ፈገግ የሚሉ ፕሮፌሰሮች ነበሯቸው፤ በእውን ግን አልነበሩም። ከሁሉ የሚያስገርመው፣ ለእነዚሁ ዩኒቨርሲቲዎች "እውቅና የሚሰጡ" አካላትንም ያቋቋመው ኩባንያው ራሱ መሆኑ ነው። ተማሪው "እውቅና አላችሁ?" ብሎ ሲጠይቅ "አዎን፣ ይኸው" ይሉታል፤ ሄዶ ሲያይ እውነትም ስሙ ተጽፎ ያገኘዋል! ብዙዎቹ ገዢዎች በአረብ አገሮች ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የኩባንያው ሠራተኞች ኋላ የአሜሪካ ባለሥልጣን መስለው እየደወሉ "ማረጋገጫ ካልገዛችሁ ችግር ይደርስባችኋል" በማለት ተጨማሪ ገንዘብ ይቀበሏቸው ነበር። ወገኖቻችን በእነዚያ አገሮች በብዛት ስላሉ ይህን ላኩላቸው።

ስለዚህ መጠየቅ ያለብን እውቅና ሰጪው ራሱ በማን እንደሚታወቅ ነው። የአሜሪካ ተቋም ከሆነ፣ እውቅና የሰጠው አካል በአገሪቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት ወይም ቺያ በሚባለው የከፍተኛ ትምህርት እውቅና ምክር ቤት ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት። ለምሳሌ ብዙ ወጣቶቻችን የሚጠይቁን ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተ ሲሆን በ2014 ከእንዲህ ዓይነቱ የታወቀ አካል እውቅና አግኝቷል። የትምህርት ክፍያ የለም ቢባልም ለየኮርሱ የፈተና ክፍያ ይጠየቃል፤ ይህን አስቀድሞ ማስላት ነው። ኤኤሲኤስቢ፣ አምባና ኢኩዊስ የሚባሉት ደግሞ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶችን ብቻ የሚመዝኑ ናቸው። የእነርሱ ማኅተም ያለው ፕሮግራም ጥሩ ምልክት አለው፤ የሌለው ሁሉ ግን መጥፎ ነው ማለት አይደለም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም አንድ በር ይቀራል፤ አቻ ግምት። የውጭ ዲግሪያችሁን እዚህ አገር ለደረጃ እድገት የምታቀርቡ ከሆነ በባለሥልጣኑ መመዘን አለበት። አብዛኛው ሰው ይህን የሚያስታውሰው ከተመረቀ በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ከመድከም በፊት የትምህርት ቤቱን ስም፣ የፕሮግራሙን ስምና በኦንላይን መሆኑን ጠቅሶ ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይሻላል። የምትሠሩበትን መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍልም እንዲሁ ጠይቁ። አንዳንድ ቀጣሪ ዲግሪውን አቻ ተሰጥቶትም አልቀበልም ሊል ይችላል፤ ትክክል ነው አልልም፣ ነገር ግን ያጋጥማል።

ስለ ወጪው እናስብ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በኮርሴራ በኩል ኦንላይን ኤምቢኤ ሲጀምር ዋጋው 22,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ለአሜሪካኖች ርካሽ ተብሎ ተወርቶለታል። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በነበረው በ57 ብር ምንዛሪ ብናሰላው 1.25 ሚሊዮን ብር ያህል ነው። ምንዛሪው በዚያ ወር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ያው ክፍያ ከ2.2 ሚሊዮን አልፏል ማለት ነው። በመካከል የተመዘገበ ተማሪ ደመወዙ ሳይጨምር ዕዳው እጥፍ ሊሆን ደረሰ። ግንብ ሊሠራ ተነሥቶ መሠረቱን ብቻ ጥሎ የቀረው ሰው ታሪክ ለእኛ አዲስ አይደለም። ስለዚህ ክፍያው በዶላር ከሆነ ኮርስ በኮርስ የሚከፈልበትን ምረጡ፤ አቋርጦ መመለስ የሚፈቀድ መሆኑንም አጣሩ። ባንካችሁ ለኦንላይን ትምህርት የውጭ ምንዛሪ ይሰጥ እንደሆነና ምን ሰነድ እንደሚፈልግ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። "ዶላሩን እኔ እከፍልላችኋለሁ፣ እናንተ በብር ወደ ሒሳቤ አስገቡ" የሚል ወኪል ካለ፣ ወንድምም ይሁን እኅት፣ ራቁ።

መብራትና ኢንተርኔትም ከሒሳብ መግባት አለባቸው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፈተና ቢኖርባችሁ ትምህርት ቤቱ ምን ያደርጋል? ጊዜ ይሰጣል ወይስ ዜሮ ይጽፋል? ደኅና ትምህርት ቤት ለዚህ የተጻፈ ደንብ አለው።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ቤት። አንዳንድ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ለአገልጋይ ወይም ለልማት ክፍል ሠራተኛ የማስተርስ ክፍያ ትሸፍናለች። ያ ገንዘብ የምእመናን መባ ነው። ክርስቲያናዊ ስም ያለው፣ በስድስት ወር የሚያልቅ፣ "የአገልግሎት ልምዳችሁ እንደ ኮርስ ይቆጠራል" የሚል ፕሮግራም ሲመጣ የሽማግሌዎች ጉባኤ ገንዘቡን ከማጽደቁ በፊት ሰነዱን ለአንድ መምህር ቢያሳይ ምን ይጎዳል? ጥያቄውን እምነት እንደ ማጣት የሚቆጥር ወኪል ራሱን አጋልጧል።

ለመጀመር የምትፈልጉ ዛሬውኑ አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። በወኪሉ በኩል ሳይሆን ከራሳችሁ ኢሜይል በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ሬጅስትራር ጻፉ። እውቅናውን ማን እንደሰጠው፣ ከኢትዮጵያ ስንት ሰው ተመዝግቦ ስንቱ እንዳጠናቀቀ፣ ጠቅላላ ክፍያው እስከ ምረቃ ድረስ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ግን የመመዝገቢያ ተብሎ የሚጠየቀውን ትንሿን ገንዘብም ቢሆን አትላኩ።