ለብስክሌት ተጓዡ ጌዴኦ ምን ያዘጋጅ?

ረጅም የተራራ ብስክሌት ጉዞ የሚያቅድ የውጭ አገር ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት የት እንደሚያድር፣ ብስክሌቱ ቢሰበር ማን እንደሚጠግንለት፣ በየትኛው ወር መምጣት እንደሚሻለው ይጠይቃል። የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ዲላ መልሱን አሁኑኑ ብታዘጋጅ ታተርፋለች። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በመኪና የሚመጣ ጎብኚ ግን የቱቱ ፈላን ትክል ድንጋዮች አይቶ በዚያው ቀን ሊመለስ ይችላል። ከዲላ ወደ ቡሌ ዳገቱን በፔዳል የሚወጣ ሰው እንዲህ አይቸኩልም፤ በእንሰትና በቡና መካከል፣ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ሲያዘግም ይርበዋል፣ ይመሽበታል፣ ገንዘቡም በየመንደሩ ይቀራል። ሩዋንዳ በኪቩ ሐይቅ ዳር 227 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ያሰናዳችው ለእንዲህ ያለው ተጓዥ ነው።

ጎማ ተዳፋቱን ይሸረሽራል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ ቀዩ አፈር ሲረጥብ የአንድ ጎማ ፈለግ በቀጣዩ ዝናብ ቦይ ይሆናል። ስለዚህ አዲስ መንገድ አይቆረጥ፤ ነባሩ የእግር መንገድ ይበቃል፣ እሱም በዝናብ ወራት ለብስክሌት ይዘጋ። ቡና ሲለቀም ደግሞ መንገዱ የለቃሚው ነው፤ ጥርና የካቲት ይሻላሉ። የሚመጣው ጥቂት ሰው ነው ለሚሉም፣ በሕዝብ ለተጨናነቀ ተዳፋት ብዙ ሰው መመኘት ራሱ ስህተት ይመስለኛል። ይልቅ የሚያከራክረው ተጓዡ የሚከፍለው የመግቢያ ክፍያ ለማን ይድረስ የሚለው ነው፤ በእኔ እምነት ገንዘቡ መድረስ ያለበት መንገዱ ለሚያልፍበት ቀበሌ ነው።